የወታደሩ ቁስል በጀት አለው፤ የሠራተኛው ሕመምስ?

ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቶ በግ የሚገዛ ሰው ላት ይዳስሳል፣ ጥርስ ይገልጣል፣ ወገብ ይጨብጣል። ካልጣመው ትቶ ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሻገራል። ሆስፒታል የሚገባ ሰው ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። የሚገዛውን ነገር ጥራት አያውቀውም፣ በዋጋው አይከራከርም፣ ሕመሙም አማርጦ ለመግዛት ጊዜ አይሰጠውም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ሕክምናን ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ይኸው እርግጠኛ አለመሆንና በሻጭና በገዢ መካከል ያለው የዕውቀት ልዩነት መሆኑን አስረድተዋል። በከብት ተራ ሻጩ ሌላ፣ ደላላው ሌላ ነው። በሕክምና ገበያ ግን ሐኪሙ ሻጭም ደላላም ነው፤ ምን እንደሚያስፈልገን የሚነግረንም፣ የሚሸጥልንም እርሱ ነው።

ስለዚህ የሕክምና ጥራት በገዢው ብልጠት አይጠበቅም። የሚጠብቀው ሌላ ነገር መኖር አለበት። ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለማየት በአገራችን ጎን ለጎን የኖሩትን ሁለት የሕክምና ሥርዓቶች፣ የጦሩንና የሲቪሉን፣ ማነጻጸር ይጠቅማል። በሕዝቡ ዘንድ «የጦሩ ሕክምና ይሻላል» ሲባል ይሰማል። አባባሉ እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ፤ የማይሆንበትም አለ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ልዩነቱን ያመጣው ዩኒፎርሙ አይደለም የሚል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ገንዘቡ ከሕመሙ በፊት መከፈሉ ወይም አለመከፈሉ፣ ውጤቱንም የሚቆጥር ሰው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ይህ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ገንዘቡን ላፈሰሰ ባለሀብት የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

መድኃኒት ጦሩን ተከትሎ መጣ

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ሸዋ የገባው ከወታደርና ከነጋዴ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ሲደርስ የመጣበት ጉዳይ ንግድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። ከቡድኑ ጋር የጦር አጃቢዎችና ሐኪም አብረው ነበሩ። የንጉሡም የሕዝቡም ብርቱ ፍላጎት ከስጦታዎቹ ሌላ የሐኪሙ መድኃኒት እንደነበር የተጻፈው ታሪክ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላም መንገዱ ይኸው ነው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ። ሥራው ከቁስለኛ ወደ ከተማው ሕዝብ ተሸጋገረ። የሩሲያው ሆስፒታል ሲዘጋ በእርሱ እግር የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተካ። የአገራችን የመንግሥት ሆስፒታል ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ ከጦር ቁስለኛ አልጋ ነው።

የተገላቢጦሹም ሆኗል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ላይ የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ለመታሰቢያቸው በእንግሊዝ አገር በሲልቪያ ፓንክኸርስት ቅስቀሳ ገንዘብ ተሰብስቦ የተሠራው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ለሕዝብ በሕዝብ መዋጮ የተጀመረው ይህ ሆስፒታል በደርግ ዘመን ለሠራዊቱ ተሰጥቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ «ጦር ኃይሎች!» እያሉ የሚጠሩት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አንዱ ሕንፃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሲቪልም ወታደርም ሆኗል። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ሲታይ እንደሚመስለው ጽኑ አይደለም።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

የሠራዊቱ አባል ሕክምና በነፃ እንዲያገኝ የመከላከያ ሠራዊት ሕግ ይደነግጋል። ነፃ ማለት ግን ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም። ገንዘቡ ሕመሙ ወይም ቁስሉ ከመምጣቱ በፊት በበጀት ተይዟል ማለት ነው። ከዚህ ሦስት ጥቅሞች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ከፋዩ አንድ ስለሆነ ሐኪሙ በሽተኛውን ሲያይ ስለ ኪሱ አያስብም። ሁለተኛ፣ ክፍያው ስለሚቀድም መድኃኒትና መሣሪያ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ኃላፊው ይታወቃል፤ ያልዳነ ወታደር ለአዛዡ የጎደለ ኃይል ስለሆነ የመዳኑ ጉዳይ የአዛዡም ጉዳይ ነው።

በሲቪሉ በኩል ገንዘቡ የሚመጣው ከብዙ ኪስ ነው። ጥቂቱ ከመንግሥት በጀት፣ ጥቂቱ ከለጋሾች፣ የቀረው ከበሽተኛው ኪስ በአልጋው አጠገብ ይከፈላል። ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያጣ ማዘዣው ወደ ውጭ ፋርማሲ ይላካል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ አስመጪና ጅምላ ሻጭ ለሆነው አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የዚያን የዋጋ ጭማሪ የመጨረሻ ተሸካሚ በሽተኛው ነው።

ባለሙያውም ቢሆን ከዚህ ችግር ውጭ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ምክንያት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ጥራት ያለው ሕክምና ከሚጠይቁን ነገሮች አንዱ ሐኪሙ የራሱን የቤት ኪራይ ሳያስብ በሽተኛውን እንዲያይ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ «ጦሩ ሁሌም ይሻላል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የጦሩ ታላላቅ ሆስፒታሎች ያሉት አዲስ አበባና ቢሾፍቱን በመሳሰሉ ቦታዎች ነው። በአንኮበር ቁልቁለት ወይም ከጣርማ በር ወዲያ ለቆሰለ ወታደር የሚቀርበው የሲቪል ጤና ጣቢያ ወይም የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነው። ዩኒፎርሙ የሚሠራው መኪናው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው።

በሲቪሉ ውስጥም ልዩነቱ እንዲሁ ነው። በጤና ሚኒስቴር ደረጃ ምደባ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3 እስከ 5 ሺህ ሕዝብ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 እስከ 100 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። በወረቀት ላይ መሰላሉ ያማረ ነው። የአንኮበር ወረዳ ነዋሪ ግን ከቆላው ቀበሌ ተነሥቶ ጎረቤላ፣ ከጎረቤላም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ካልሆነለት 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ እየተላለከ መሰላሉን በእግሩና በኪሱ ይወጣዋል። በየደረጃው የሚያገኘው ጥራት አንድ ዓይነት ካልሆነ ሰው የታችኛውን ደረጃ እየዘለለ ወደ ላይኛው ይጎርፋል። ላይኛውም በቀላል በሽታ ተጨናንቆ ለከባዱ ጊዜ ያጣል።

ጦርነቱ ያሳየን

ሁለቱ ሥርዓቶች የማይነካኩ መስለው የሚታዩት በሰላም ጊዜ ብቻ መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ ደብረ ብርሃን የጦርነቱ ደጃፍ ሆና ነበር። በአማራና በአፋር ክልሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ የጤና ተቋማት በዚያ ጦርነት ተዘረፉ ወይም ተጎዱ። የታችኛው መሰላል ሲሰበር ሸክሙ ወደ ላይኛው ዞረ። ከተማይቱም ከየአቅጣጫው የመጡ ተፈናቃዮችን ተቀብላ አስጠልላለች።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሰብዓዊ መብት ተቆርቋሪው ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው ሪፖርት በክልሉ ቁስለኛ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሆስፒታሎች ሲመጡ ባለሙያዎች ማስፈራሪያ እንደደረሰባቸው፣ ሐኪሞች በማከማቸው ምክንያት እንደተያዙ፣ አምቡላንሶችም እንደተጠቁ ዘርዝሯል። ይህን ከምጣኔ ሀብት አንጻር ብቻ ብናየው እንኳ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጦሩ የራሱን ሕክምና ከሲቪሉ ለይቶ ቢያደራጅም በችግር ጊዜ የሚያንኳኳው የሲቪሉን በር ነው። በሩ ደካማ ከሆነ ወታደሩም ይጎዳል። በበሩ ላይ ያለው ባለሙያ ከፈራ ደግሞ ወታደሩም ገበሬውም የሚታከምበት ያጣሉ።

ሌላም ነገር አለ። ወታደር ዕድሜ ልኩን ወታደር አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞው ሠራዊት አባል ሲበተን የጦሩ ሆስፒታል መብት አብሮ ተቋረጠ። ጥይት በገላው ይዞ ወደ መንዝ፣ ወደ ይፋት፣ ወደ ቡልጋ የተመለሰው ሰው የቀሪ ዘመኑን ሕክምና የጠየቀው ከወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። የእነርሱም ቁስል ነገ የሚሰለፈው በዚያው በር ላይ ነው። የሲቪሉን ሕክምና ማሳነስ እንግዲህ የወታደሩን ጡረታ ማሳነስ ነው።

የሌሎች አገሮች ትምህርት

አሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮቿ ትልቅ የሆስፒታል መረብ አላት። ይህ መረብ በአንድ ወቅት በጥራት ጉድለት መተረቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የመሩት ዶክተር ኬኔት ካይዘር እያንዳንዱ ሆስፒታል በተወሰኑ መለኪያዎች እንዲመዘንና ኃላፊው በውጤቱ እንዲጠየቅ አደረጉ። በ2003 የወጣ ጥናት ሆስፒታሎቹ በአብዛኛዎቹ መለኪያዎች የመንግሥት መድን ለአረጋውያን ከሚከፍልባቸው ሲቪል ተቋማት ልቀው መገኘታቸውን አሳየ። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 በፊኒክስ ከተማ ኃላፊዎቹ የተራ መጠበቂያውን መዝገብ እየደበቁ ቁጥሩን ማሳመራቸው ተጋለጠ፤ ሚኒስትሩም ከሥልጣን ለቀቁ። ያው መሥሪያ ቤት ውጤቱ በታማኝነት ሲቆጠር ከፍ አለ፤ ቁጥሩ ሲደበቅ ወረደ። የእኛ አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለተቋምም ይሠራል።

እንግሊዝ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣለች። የጦር ሆስፒታሎቿን አንድ በአንድ ዘግታ ወታደር ሐኪሞቿን በሲቪል ሆስፒታሎች ውስጥ አሰማራች። ከአፍጋኒስታን የመጡ ቁስለኞች በርሚንግሃም ከተማ ከተራው ሕዝብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታከሙ። ወታደር ሐኪሙ በሰላም ጊዜ የመኪና አደጋ እያከመ እጁን ያፍታታል፤ ሲቪሉም የጦር ሜዳ ልምድ ይወርሳል። ለእኛ ይህን እንዳለ መቅዳት ላይሆን ይችላል። መንፈሱ ግን ይጠቅመናል።

የባለሀብቱ ሒሳብ

ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከተማይቱ በንጉሡ ዘመን ከተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተነሥታ ዛሬ የቢራ ፋብሪካዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎችም ማምረቻዎች ያሏት ከተማ ሆናለች። ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኗን፣ የመሬት አቅርቦቱን፣ የሰው ኃይሉን ሁሉም ባለሀብት አስልቶ ገብቷል። የሠራተኛውን ሕመም ያሰላ ግን ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ያህል 500 ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ እናስብ። ደብረ ብርሃን ላይ ሊያልቅ በሚችል ሕክምና ምክንያት በወር 10 ሠራተኞች አዲስ አበባ ተልከው እያንዳንዳቸው 3 ቀን ቢቀሩ በዓመት 360 የሥራ ቀን ይጠፋል። ይህ ከአንድ ሠራተኛ የዓመት ሥራ ይበልጣል። ደመወዙ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ጉዳት ማሽኑን የሚያውቀው ሰው ሲቀር መስመሩ መቆሙ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። ዘግይቶ የታከመ በሽታ እንግዲህ ለአሠሪው ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ታዲያ ይህን ሠራተኛ ማን ከፍሎለታል? ገበሬው፣ ባለሱቁና በራሱ ሥራ የሚተዳደረው ሰው በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ይችላል። ደመወዝተኛው ግን የተመደበው ለማኅበራዊ ጤና መድን ነው። የዚህ መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ መዋጮውም ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ሥራ ላይ ሳይውል ግን ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። የፋብሪካ ሠራተኛው የወታደሩ በጀትም የገበሬው መድንም ሳይደርሰው በመካከል ቀረ። አሠሪው በራሱ ፈቃድ ካልገባለት በቀር የሚታከመው በኪሱ ነው።

ምን ይደረግ?

አንዳንዶች መፍትሔው የግል ሆስፒታል ነው ይላሉ። የግሉ ዘርፍ መስፋፋቱ መልካም ነው። ሆኖም ሕክምና በአልጋው አጠገብ በጥሬ ገንዘብ እስከተከፈለ ድረስ የግሉም ሆስፒታል የሚሄደው ገንዘቡ ወዳለበት ነው። ሌሎች ደግሞ ለጦሩ የሚሰጠው ይቀነስ ይሉ ይሆናል። ይህም ትክክል አይደለም። ለአገር የሚቆስል ሰው የተሻለ ሕክምና ይገባዋል። የሚያስፈልገው የጦሩን ማውረድ ሳይሆን ጦሩን ያበረታውን አሠራር ለሲቪሉ ማዋስ ነው።

አንደኛ፣ የደብረ ብርሃን አሠሪዎች አዋጁን እየጠበቁ ከመቀመጥ በጋራ ፈንድ ያቋቁሙ። ፋብሪካዎቹ በየወሩ በሠራተኛ ቁጥር ልክ አዋጥተው ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ ከሐኪም ግዛው መማሪያ ሆስፒታልና ከግል ክሊኒኮች ጋር ውል ይግቡ። ገንዘቡ ከሕመሙ ይቅደም። ነጋዴ ዕቃ ሲያዝ ቀብድ ከፍሎ ጥራትና የማስረከቢያ ቀን እንደሚያስፈርም ሁሉ ይህም ውል የመድኃኒት መኖርን፣ የተራ መጠበቂያ ጊዜንና ወደ ላይ የመላክ ሥርዓትን በግልጽ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ይቆጠር፣ ይውጣም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስል ስንት ነው? በሽተኛ ሐኪም ፊት እስኪቀርብ ስንት ሰዓት ጠበቀ? ከታዘዙት መድኃኒቶች ስንቱ ከሆስፒታሉ መጋዘን ተገኘ? እነዚህ ቁጥሮች በየሩብ ዓመቱ በሆስፒታሉ በር ላይ ቢለጠፉ ገበያው በግ ሲገዛ የሚዳስሰውን ላት ያህል የሚዳሰስ ነገር ያገኛል። የጦሩ ሆስፒታሎችም ከወታደራዊ ምስጢር ውጭ ባለው በዚያው መለኪያ ይመዘኑ። የስንት ሰው ቁስል አመረቀዘ የሚለው ቁጥር ለጠላት የሚጠቅም ምስጢር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ባለሙያው በሁለቱም በኩል ይሥራ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ሐኪሞችንና ነርሶችን ያሠለጥናል። መከላከያም የራሱ ማሠልጠኛ አለው። ተማሪዎቹና መምህሮቻቸው ለተወሰነ ጊዜ ቢለዋወጡ የቁስል ሕክምና ልምዱ ወደ ሲቪሉ፣ የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና ልምዱ ወደ ጦሩ ይሻገራል። ይህ እንዲሆን ግን በቅድሚያ ሆስፒታል የጦር መሣሪያ የማይገባበት፣ ሐኪም ማንን አከምክ ተብሎ የማይጠየቅበት ቦታ መሆኑ በሁሉም ታጣቂ ወገን መከበር አለበት። ያለዚህ ፈንዱም ውሉም መለኪያውም ዋጋ የለውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና አገልግሎት የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ይህ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ይጠየቅበት። ባለሀብቱ ግን የመንግሥትን ዕዳ እየቆጠረ የራሱን ኪሳራ እንዲያይ አንመክርም። ፋብሪካውን ከእሳት መድን ገብቶለታል፣ መኪናውን ከግጭት መድን ገብቶለታል፣ ጭነቱን ከመርከብ እስከ መጋዘን መድን ገብቶለታል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ብቻ ያለ ዋስትና ቀርቷል። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት የተነገረው እንዲህ ላለው ሒሳብ ነው። ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚለቀሰው ልቅሶ በወር መጨረሻ የሒሳብ መዝገቡ ላይ በኪሳራ መልክ ተጽፎ ይገኛል።